ልጅ ሲታመም መጀመሪያ ምን እንይ?

ባለፈው ክረምት ደምበጫ አካባቢ አክስቴ ዘንድ ሰንብቼ ነበር። የልጇ ልጅ ገና ዓመት ከሁለት ወሩ ነው። ሦስት ቀን ሙሉ ሳል ይዞታል፤ ገላውም ያተኩሳል። «ምች መትቶት ነው» አለች አክስቴ። ዳማ ከሴ ተቀጠፈ፣ በመዳፍ ታሸ፣ ጭማቂው ተቀባ። ልጁ ጋቢ ተከናንቦ እናቱ ደረት ላይ ተኝቷል። ጋቢውን ገለጥ አድርጌ ሆዱን አየሁት። ቶሎ ቶሎ ከፍ ዝቅ ይላል። ስልኬን አውጥቼ አንድ ደቂቃ ሙሉ ቆጠርኩ። 56 ጊዜ ተነፈሰ።

«እትዬ፣ ይሄ ልጅ አሁኑኑ ጤና ኬላ መሄድ አለበት» አልኳት።

«ምን አየህ ልጄ? ቅድም እኮ ስቆልኝ ነበር።»

ያየሁት ቁጥሩን ነው። በእሱ ዕድሜ ያለ ልጅ በደቂቃ 40 ጊዜና ከዚያ በላይ ከተነፈሰ ሳንባ ምች ይጠረጠራል። ምችና ሳንባ ምች በስም ይቀራረባሉ እንጂ አንድ አይደሉም። ሳንባ ምች በዓለም ላይ ብዙ ሕፃናትን ከሚገድሉ በሽታዎች ግንባር ቀደሙ ነው።

ስለ ልጆች ተላላፊ በሽታ ብዙ ይወራል። ግማሹ ልክ ነው፣ ግማሹ ልጅ ያስቀራል። በተለይ አሁን ይህን ማወቅ ያስፈልጋል። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ በአማራ ክልል ባለው ግጭት የተነሳ መንገድ የሚዘጋበት ቀን ብዙ ነው። ክትባቱም መድኃኒቱም ሳይደርስ የሚቀርበት ጊዜ አለ። መውጣት ከባድ ሲሆን፣ የትኛው ሕመም እስከ ነገ እንደሚያቆይ፣ የትኛው ደግሞ በሌሊትም ቢሆን እንደሚያስነሳ መለየት አለብን።

የበሽታውን ስም ሳናውቅ ምን ማድረግ እንችላለን?

ልጅ ሲታመም ቤት ውስጥ መጀመሪያ የሚነሳው ጥያቄ «ምን ነካው?» ነው። መልስ ደግሞ አይጠፋም። ብርድ ነው። ጥርስ እያወጣ ነው። እንጥሉ ወርዶ ነው። ቡዳ በልቶት ነው። ስም ሲገኝ ልብ ያርፋል። ግን ሕክምናውንም የሚወስነው ያው ስም ነው፤ ለምች ቅጠል፣ ለእንጥል ምላጭ። ስሙ ከተሳሳተ ቀኑ በከንቱ ያልፋል። ለትንሽ ልጅ አንድ ቀን ብዙ ነው።

የጤና ባለሙያዎቹ ራሳቸው ከስም አይጀምሩም። የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ያዘጋጁት፣ እኛም አገር የሚሠራበት የሕፃናት ሕክምና መመሪያ ከምልክት ነው የሚነሳው። ይጠጣል ወይ? ያስመልሰዋል ወይ? ነቅቷል ወይ? እንዴት ይተነፍሳል? እነዚህን ለማየት ማዳመጫ መሣሪያ አያስፈልግም። እናትም አያትም ማየት ይችላሉ።

«ተላላፊ» ሲባል ምን ማለት ነው?

በዓይን የማይታዩ ጀርሞች ሰውነት ውስጥ ገብተው ሲባዙ የሚመጣ ሕመም ማለት ነው። አንዱ በትንፋሽ፣ አንዱ በእጅና በውሃ፣ አንዱ በትንኝ ይተላለፋል። ጀርሞቹ ግን ዓይነታቸው ይለያያል። ባክቴሪያ አለ፣ ቫይረስ አለ፣ እንደ ወባ ያለ ጥገኛ ተሕዋስም አለ። ልዩነቱ የሚጠቅመን ለአንድ ነገር ነው። እንደ አሞክሲሲሊን ያለ አንቲባዮቲክ የሚገድለው ባክቴሪያን ብቻ ነው። ጉንፋንና ኩፍኝ ቫይረስ ናቸው፤ አይነካቸውም። ስለዚህ ታላቁ ልጅ አምና ያስተረፈውን መድኃኒት ለታናሹ መስጠት ብዙ ጊዜ ዋጋ የለውም። ሲብስ ደግሞ ምልክቱን ይሸፍንና ዋናው በሽታ ዘግይቶ ይታወቃል።

በሌሊትም ቢሆን የሚያስነሱት ምልክቶች የትኞቹ ናቸው?

ዋናዎቹ አራት ናቸው። ልጁ መጠጣት ወይም መጥባት አቃተው። የወሰደውን ሁሉ ያስመልሳል፣ ምንም አይረጋለትም። አንዘፈዘፈው። ፈዘዘ፣ ቢቀሰቅሱት አልነቃ አለ። ከአራቱ አንዱ ብቻ ከታየ በቂ ነው። ሁለተኛውን አንጠብቅም።

ሌሎችም አሉ። አንገቱ ከደረቀ ወይም የሕፃኑ እርግብግቢት ካበጠ ማጅራት ገትር ሊሆን ይችላል። ሲተነፍስ የታችኛው ጎኑ ወደ ውስጥ የሚገባ ከሆነ ሳንባው ተጨንቋል። ሰገራው ደም ካለበት ወይም መዳፉ ከነጣም ቤት የሚያስቀምጥ አይደለም።

ልጅ ሲንዘፈዘፍ የሚደረገውን ላስታውስ። በጎኑ አስተኙት። አፉ ውስጥ ማንኪያም ጣትም አታስገቡ። ክብሪት ማሽተት አይጠቅመውም። ልክ ሲያቆም ይዛችሁ ውጡ።

ትኩሳት ብቻውን ምን ይባላል? ትኩሳት የሰውነት ትግል ነው፤ ራሱ በሽታው አይደለም። የሚያተኩስ ግን የሚጠባ፣ የሚያይ፣ የሚጫወት ልጅ ጊዜ ይሰጣል። ብዙ አያተኩስም ግን ፈዟል፣ አይጠባም? እሱ ነው ጊዜ የማይሰጠው። ደግሞ ያተኮሰን ልጅ በጋቢ ላይ ብርድ ልብስ አንደርብበት። ሙቀቱ መውጫ ያጣል። ፓራሲታሞልም በኪሎው ስለሆነ የሚሰጠው፣ ልኩን ባለሙያ ይንገራችሁ።

ትንፋሽ እንዴት ይቆጠራል?

አንጥረኛ በወናፍ ሲያናፋ አይታችሁ ታውቃላችሁ። ወናፉ ደህና ከሆነ እጁ በዝግታ ይሠራል፣ ፍሙም ይቀላል። ወናፉ ግማሹ በጭቃ ቢሞላስ? ያንኑ ፍም ለማቅላት እጁን ማፍጠን አለበት። ሳንባም እንዲሁ ነው። በሳንባ ምች ጊዜ አየር የሚያዝባቸው ጥቃቅን ከረጢቶች በመግልና በፈሳሽ ይሞላሉ። ሰውነት ያንኑ አየር ለማግኘት ትንፋሹን ያፈጥናል። ቆጠራው ጠቃሚ የሆነው ለዚህ ነው። ሳል ብዙ ጊዜ ተራ ጉንፋን ነው፤ ሳል ከፈጣን ትንፋሽ ጋር ሲመጣ ግን ነገሩ ይለወጣል።

ስትቆጥሩ ልጁ ጸጥ ይበል። እያለቀሰ ወይም እየጠባ ከሆነ ቁጥሩ ይዋሻል። ልብሱን ገልጣችሁ ሆዱንና ደረቱን እዩ። አንዴ ተነስቶ ሲወርድ አንድ ነው። ግማሽ ደቂቃ ቆጥራችሁ በሁለት አታባዙ፤ የልጅ ትንፋሽ አንዴ ይፈጥናል አንዴ ይዘገያል። ሙሉ ደቂቃ ቁጠሩ። ሁለት ወር ላልሞላው ሕፃን 60ና ከዚያ በላይ ፈጣን ነው። ከሁለት ወር እስከ ዓመቱ 50ና ከዚያ በላይ። ከአንድ ዓመት እስከ አምስት ዓመት 40ና ከዚያ በላይ።

ወደ አክስቴ ቤት ልመለስ። ጤና ኬላው የአርባ ደቂቃ መንገድ ነው። በዝናብ ጭቃውን እየረገጥን ሄድን። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ እሷም ልብሱን ገለጠች፤ ሰዓቷን እያየች ቆጠረች። ጎኑ ወደ ውስጥ እንደማይገባ፣ ጡት እንደሚጠባ አረጋገጠች። ውሃ ውስጥ የሚሟሟ አሞክሲሲሊን ሰጠችን። የመጀመሪያውን እዚያው በማንኪያ አሟምታ እናቱ እንድትሰጠው አደረገች። «ሻል ቢለውም አታቋርጪ እሺ፣ እስከሚያልቅ» አለቻት። በሁለተኛው ቀን ስንመለስ ትንፋሹ 38 ወርዶ ነበር። ያን ቀን ማታ አጥሚት ጠጣ።

ማቋረጥ ለምን ይከለከላል? መጀመሪያ የሚሞቱት ደካሞቹ ጀርሞች ናቸው። ልጁ የሚሻለው ያኔ ነው። ጠንካሮቹ ግን ገና አሉ። እዚያ ላይ መድኃኒቱ ከቆመ ሕመሙ ያገረሻል።

ጎጃም የማር አገር ስለሆነ አንድ ነገር ልጨምር። ዓመት ያለፈው ልጅ ለሳሉ ማር ቢልስ ጉሮሮውን ያለሰልስለታል። ዓመት ላልሞላው ግን ማር አይሰጥም። ማር ውስጥ ሊኖር የሚችል አንድ ባክቴሪያ ገና ባልጠነከረ የሕፃን አንጀት ውስጥ መርዝ ያመርታል። ማሩ ንጹሕ ቢሆንም ያው ነው። ልጁን አዝሎ ጭስ ያለበት ማድ ቤት መዋልም ሳንባውን ይጎዳል። አማራጭ የሌላት እናት ብዙ መሆኗን አውቃለሁ። ቢያንስ እንጀራ ሲጋገር ልጁን ሌላ ሰው ይያዘው።

ተቅማጡ ጥርስ ስለሚያወጣ ነው?

አይደለም። የሚገጣጠሙት በዕድሜ ነው። ጥርስ ብቅ የሚለው ከስድስት ወር ገደማ ጀምሮ ነው። ልጁ መዳህ የሚጀምረው፣ ያገኘውን ሁሉ አፉ ውስጥ የሚከተው፣ ከጡት ሌላ ምግብ የሚቀምሰውም ያኔ ነው። ጀርሙ የሚገባው በእነዚህ ነው፤ ወቀሳው ጥርስ ላይ ያርፋል። ከዚያ ድዱን ገልጦ ያልወጣ ጥርስ የሚያስነቅል አለ። እንጥል የሚያስቆርጥም አለ። ይህን ስጽፍ ልቤ ይደማል፤ ለበሽታው ምንም አይፈይድም፣ በዚያ ላይ ልጁ ይደማል፣ ቁስሉ ያመረቅዛል። እባካችሁ ይቅር።

ተቅማጥ የሚገድለው በውሃ ማጣት ነው። ልጁን ቀዳዳ እንዳለው እንስራ አስቡት። ቀዳዳውን ሰውነቱ ራሱ በቀናት ውስጥ ይደፍነዋል። የእኛ ሥራ እስከዚያ ድረስ እንስራው እንዳይጎድል መሙላት ነው። ብዙ ቤት የሚደረገው ተቃራኒው ነው። «ሆዱ ይረፍ» ተብሎ ጡትም ምግብም ይከለከላል።

መሙያው ኦአርኤስ የሚባለው የጨውና የስኳር ዱቄት ነው። ለምን ተራ ውሃ አይበቃም? የሚወጣው ውሃ ጨውም ይዞ ነው የሚሄደው። ደግሞ አንጀት ውሃን ቶሎ ወደ ደም የሚያሳልፈው ጨውና ስኳር በልክ ሲገናኙ ነው። ስኳሩ ጨውን ይዞት ይገባል፤ ውሃው ጨውን ይከተላል። ልኩ ከተዛባ አይሠራም። አንዱ ፓኬት ሙሉውን በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ይበጠበጣል። የአንድ ሊትር ሃይላንድ ካላችሁ ልኩ እሱ ነው። የሁለት ሊትሩን እንዳትሞሉት። የተበጠበጠው ከ24 ሰዓት በላይ አይቆይም፤ ይደፋና አዲስ ይበጠበጣል። ሁለት ዓመት ያልሞላው ልጅ ባስቀመጠው ቁጥር አንድ የቡና ሲኒ ያህል ወይም ትንሽ ጨመር ተደርጎ ይሰጠው። ከፍ ያለው ከግማሽ እስከ አንድ ብርጭቆ። ካስመለሰው አሥር ደቂቃ ታግሳችሁ በማንኪያ ቀስ እያላችሁ ቀጥሉ።

ኦአርኤስ ተቅማጡን ወዲያው አያቆመውም። ይህን ያልተነገራት እናት «አልሠራም» ብላ ትተወዋለች። አብሮ የሚሰጠው ዚንክ ነው። ተቅማጡ ቢቆምም ከ10 እስከ 14 ቀን ይወሰዳል። አንጀቱን ያድሳል፤ በሚቀጥሉት ወራትም እንዳይደጋገም ይረዳል።

ውሃው እየጎደለ መሆኑን በምን እናውቃለን? ዓይኑ ይሰረጉዳል። ይነጫነጫል፣ ውሃ ሲያይ ይስገበገባል። የሆዱን ቆዳ በሁለት ጣት ቆንጠጥ አድርጋችሁ ልቀቁት። ደህና ከሆነ ወዲያው ይመለሳል። ቀስ ብሎ ከተመለሰ ወደ ጤና ተቋም ውሰዱት፤ መንገድ ላይም እያጠጣችሁ። ፈዞ መጠጣት ካቃተው ደግሞ ጊዜ የለም።

ኩፍኝ የወጣበት ልጅ ቤት ይዘጋበት?

ኩፍኝ በትኩሳት፣ በሳል፣ በንፍጥና በቀላ ዓይን ይጀምራል። ከቀናት በኋላ ሽፍታው ከፊትና ከጆሮ ጀርባ ተነስቶ ወደ ታች ይወርዳል። ሲተላለፍ እሱን የሚያህል ጥቂት ነው። ታማሚው ወጥቶ ከሄደ በኋላም ቫይረሱ እዚያው ቤት አየር ላይ እስከ ሁለት ሰዓት ይቆያል። መከላከያ የሌላቸው አሥር ልጆች አብረውት ቢሆኑ ዘጠኙን ሊይዝ ይችላል። ደግሞ ሽፍታው ከመታየቱ አራት ቀን በፊት ጀምሮ ይተላለፋል። «ገና አልወጣበትም» ብለን ክርስትና ቤት ይዘነው የሄድነው ልጅ ያን ቀን ብዙ ቤት አንኳኩቷል ማለት ነው።

በብዙ ቤት ኩፍኝ የወጣበት ልጅ ጨለማ ክፍል ይቀመጣል። አይታጠብም፣ መርፌ ከተወጋ ይሞታል ይባላል፣ ጤና ጣቢያም አይወሰድም። ከዚህ ውስጥ አንዱ ልክ ነው፤ ከሌሎች ልጆች መለየቱ። ሽፍታው ከወጣ በኋላ ለአራት ቀን ይለይ። ጤና ጣቢያ አለመውሰዱ ግን ያስጨርሳል። ብዙ ጊዜ ልጅ የሚገድለው ኩፍኙን ተከትሎ የሚመጣው ሳንባ ምችና ተቅማጥ ነው። ዓይንም ያጠፋል። ኩፍኝ በሰውነት ያለውን ቫይታሚን ኤ ያሟጥጣል። ስለዚህ ጤና ተቋም ሲደርስ ቫይታሚን ኤ በሁለት ተከታታይ ቀን ይሰጠዋል። ጥቂት ጠብታ ናት፤ ግን ብርሃን ታተርፋለች።

ከዳነ በኋላም ጣጣው አያልቅም። ሰውነት የድሮ ጀርሞችን መልክ የሚያውቁ ዘበኞች አሉት። ኩፍኝ ከእነሱ ብዙዎቹን ይፈጅና በሩን ለማያውቁ ዘበኞች ይተዋል። ልጁ ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት በሌላ በሽታ ቶሎ የሚጠቃው ለዚህ ነው።

ክትባቱ በዘጠኝ ወርና በ15 ወር ነው። ለምን እስከ ዘጠኝ ወር ይጠበቃል? ሕፃኑ ከእናቱ የወረሰው መከላከያ ገና ደሙ ውስጥ ካለ ክትባቱን ያከሽፈዋል። የ15 ወሩ ብዙ ጊዜ ይረሳል፤ ልጁ ተራምዶ፣ አፍ ፈትቶ «ከክትባት ወጥቷል» ይባላል። ቀኑ ያለፈበትም ቢሆን ውሰዱት። «ዘገያችሁ» ብሎ የሚመልስ መመሪያ የለም።

ደጋ ላይ ወባ አለ እንዴ?

ጃዊ፣ ቡሬ፣ ፍኖተ ሰላም ያለ ሰው ወባን ያውቃታል። ከጮቄ ተራራ ሥር ያለው ግን ልጁ ሲያተኩስ ወባ በሐሳቡም አትመጣ። በ1958 (እ.ኤ.አ.) በአገራችን ደጋማ ቦታዎች ድንገት የተነሳው ወባ ወደ 150 ሺህ ሰው እንደገደለ ይገመታል። ሰዉ ለወባ እንግዳ ነበር። አሁንም ቢሆን በ2024 (እ.ኤ.አ.) ከጥር እስከ ጥቅምት 20 ብቻ በኢትዮጵያ ከ7.3 ሚሊዮን በላይ የወባ ታማሚ ተመዝግቧል። አባት ለሰሊጥ አጨዳ ጃዊ ወይም መተማ ወርዶ ከተመለሰ፣ ወይም ልጁ ቆላ ካለ ዘመድ ሰንብቶ ከመጣ ይህን ለባለሙያው ንገሩ። ምርመራው ከጣት አንዲት ጠብታ ደም ነው፤ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ውጤቱ ይታያል። ሳይመረመር ኮአርተም የተባለውን የወባ መድኃኒት መዋጥ ግን ልክ አይደለም፤ ሌላ በሽታ ከሆነ ያ ቀን ለበሽታው ተሰጠ ማለት ነው።

ገና አራስ ከሆነስ?

ሁለት ወር ያልሞላው ሕፃን ሕጉ ሌላ ነው። ካተኮሰ፣ ከቀዘቀዘ፣ መጥባት ከቀነሰ፣ እንቅስቃሴው ከላላ፣ እትብቱ ዙሪያ ከቀላ ወይም መግል ካለው ቤት አይታይም። ወዲያው ይወሰዳል። በዚህ ዕድሜ ኢንፌክሽን በሰዓታት ውስጥ መላ ሰውነቱን ያዳርሳል።

እትብቱ ላይ ቅቤም እበትም አይቀባ። እበት ውስጥ መንጋጋ ቆልፍ የሚያመጣው ባክቴሪያ ይኖራል። ቅቤ ማዋጡም ይቅር፤ ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላል። እንገሩ ግን እንዳይደፋ። ቢጫ ስለሆነ የቆሸሸ የሚመስላቸው አሉ። የእናት መከላከያ በብዛት ያለበት ወተት እሱ ነው።

ስንወጣ ምን እንያዝ?

የክትባት ካርዱን። ልጁ ቤት ውስጥ የወሰደውን መድኃኒት ከነማሸጊያው፤ ቅጠል ከሆነም ስሙን መናገር አያሳፍርም። ትኩሳቱ የጀመረበትን ቀን፣ መጨረሻ የሸናበትን ሰዓት፣ የቆጠራችሁትን ትንፋሽ። መንገድ ላይ ጡት አይቋረጥ። አራሱ በእናቱ ደረት፣ ቆዳ ለቆዳ ተጣብቆ ከላይ ይሸፈን። ጸበል የሚጠመቅም ከሆነ መድኃኒቱን ሳያቋርጥ ይሁን።

ባለፈው ሳምንት አክስቴ ደወለችልኝ። «ጉንፋን ይዞታል» አለች። ገና ምን ልበል ስል ቀደመችኝ። «በእናቱ ስልክ ቆጠርኩት፤ 32 ነው። ጡቱንም እየጠባ ነው፣ አትስጋ።»